በአንድ ቤት ውስጥ ያሉ ሁለት አሮጌ ኮምፒውተሮች መዝገብ መቀባበል እንቢ ባሉ ጊዜ ምክንያቱን ስለ መመርመር

በጅጅጋ ከተማ፣ እንዲሁም በፋፈንና በሲቲ ዞኖች ባሉት ከተሞች፣ ይኸውም በቀብሪ በያህ፣ በአውበሬ፣ በቶጎ ውጫሌ፣ በሐርተሼክ፣ በሺኒሌና በኤረር፣ የእርሻና የከብት ጉዳይ የሚሠራባቸው ጽሕፈት ቤቶች፣ ሥራቸውንም ከቤታቸው የሚመሩ የከብት ነጋዴዎችና ባለእርሻዎች መዝገባቸውን በኮምፒውተር መጻፍ ከጀመሩ ዓመታት አልፈዋል። ነገር ግን አዲስ ኮምፒውተር በየጊዜው የሚገዛበት ገንዘብ ስለማይገኝ ሥራው ብዙ ጊዜ የሚሠራው ዕድሜያቸው ከ10 ዓመት በላይ በሆኑ ሁለት ኮምፒውተሮች ነው። አንደኛው መዝገቡን ይይዛል፤ ሁለተኛው በኬብል አማካይነት ከእርሱ እየጠየቀ ያነባል፣ ይጽፋልም።

ችግሩ የሚታወቀው አንድ ቀን ጠዋት ሁለተኛው ኮምፒውተር «መንገዱ አልተገኘም» የሚል ቃል አሳይቶ እንቢ ያለ እንደ ሆነ ነው። በዚያን ጊዜ ጸሐፊዎቹ መዝገቡን በፍላሽ ቀድተው ወደ ሁለተኛው ኮምፒውተር ይወስዱትና በዚያው ቀን በሁለቱም ላይ መጻፋቸውን ይቀጥላሉ። በሳምንቱ መጨረሻ መዝገቡ ሁለት ይሆናል፤ ሁለቱም ከፊላቸው እውነት፣ ከፊላቸው ጐደሎ ናቸው። ብራና የሚገለብጥ ጸሐፊ አንድ መስመር የዘለለ እንደ ሆነ፣ ከእርሱ ቅጂ የሚገለብጡት ሁሉ ያንኑ ጕድለት ይዘው ይሄዳሉ፤ በዚህም ነገር ያው ነው።

ይህ ጉዳይ ለጸሐፊ ብቻ የሚተው ጥቃቅን ነገር የሚመስላቸው ሹማምንት አይታጡም። ነገር ግን የበግና የፍየል ደስታ መሰል በሽታ ክትባት በሚሰጥበት ወራት፣ የአንድ ቀበሌ የተከተበ መንጋ በአንዱ መዝገብ 400፣ በሌላው ባዶ ሆኖ ቢገኝ ምን እንደሚሆን ማሰብ ይገባል። የክትባቱ ቡድን ወይ ወደ ተከተበው መንጋ ሁለተኛ ይሄዳል፤ ወይም ያልተከተበውን ተከትቦአል ብሎ ያልፈዋል። የተበጠበጠ ክትባት በጥቂት ሰዓት ውስጥ ካልተሠራበት የሚጣል ስለ ሆነ በመጀመሪያው ስሕተት የሚጠፋው ገንዘብ ነው፤ በሁለተኛው ግን የሚጠፋው ከብት ነው። አርብቶ አደሩም ውሃና ግጦሽ ፍለጋ ከተነሣ በኋላ ስሕተቱ ቢታወቅ ተመልሶ አይገኝም። የከብት ደስታ የተባለው ቀሣፊ በሽታ፣ በ1880ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ የኢትዮጵያን ከብት ፈጅቶ በክፉ ቀን ስም እስከ ዛሬ የሚታወሰው፣ ከዓለም ሁሉ መጥፋቱ የተነገረው በ2003 ዓ.ም. ነው። ለዚህም ያበቃው መርፌው ብቻ አልነበረም፤ የት አገር ምን ያህል ከብት እንደ ተከተበ፣ የት አገርም በሽታው እንደ ታየ በየጊዜው ተቈጥሮ መጻፉ ጭምር ነው።

ወደ ምርመራው ከመግባት በፊት አንድ የአነጋገር ስሕተት መታረም ይገባዋል። በአገራችን «ኔትወርክ የለም» የሚለው ቃል ለሁሉ ነገር መልስ ሆኖአል። ባንክ ቤትም፣ ስልክም፣ ጽሕፈት ቤትም ይኸው አንድ ቃል ነው የሚነገረው። ነገር ግን በአንድ ቤት ውስጥ ያሉ ሁለት ኮምፒውተሮች መዝገብ ለመቀባበል ኢንተርኔት አያስፈልጋቸውም። የኢትዮ ቴሌኮም መስመር ቢቋረጥ፣ ለወረዳዎች የተዘረጋውም የመንግሥት መስመር ቢጠፋ፣ በሁለቱ መካከል ያለው ኬብልና ማገናኛው እስካሉ ድረስ እርስ በርሳቸው መነጋገራቸው አይቀርም። ስለዚህ «መስመር እስኪመጣ እንጠብቅ» የሚል ጸሐፊ ያጋጠመው ሹም፣ የሚጠበቀው የትኛው መስመር እንደ ሆነ መጠየቅ ይችላል።

ኮምፒውተር ከሌላው ኮምፒውተር ፋይል የሚወስድበት አሠራር እንግዳ ሰው ወደ አንድ ቤት ከሚሄድበት አኳኋን ብዙ አይለይም። መጀመሪያ መንገድ ሊኖር ይገባል፤ ሁለተኛ የቤቱ ቍጥር መታወቅ አለበት፤ ሦስተኛ በደጅ የቆመው ዘበኛ ማሳለፍ አለበት፤ አራተኛ እንግዳውና ባለቤቱ በአንድ ቋንቋ መነጋገር አለባቸው። ከእነዚህ ከአራቱ አንዱ የጐደለ እንደ ሆነ የሚታየው ምልክት አብዛኛውን ጊዜ አንድ ዓይነት ነው። ስለዚህ ነው ብልሃተኛ ያልሆነ ጠጋኝ ከአራተኛው ጀምሮ ሁሉን ነገር ለዋውጦ በመጨረሻ የተነቀለ ኬብል የሚያገኘው። መርማሪው ቅደም ተከተሉን ይዞ ከመንገዱ ይጀምር።

መንገዱ ኬብሉ ነው። በኬብሉ ውስጥ 8 ቀጫጭን ሽቦዎች አሉ፤ ከእነርሱ አንዱ የተበጠሰ እንደ ሆነ መስመሩ ወይ ጨርሶ ይሞታል፣ ወይም እየበራ እየጠፋ ያስቸግራል። በኮምፒውተሩ ጀርባ ኬብሉ በሚሰካበት ቦታ ትንሽ መብራት አለች፤ ማገናኛው፣ ማለት ስዊቹም፣ በየቀዳዳው አንዳንድ መብራት አለው። ሁለቱም ካልበሩ ሌላ ነገር መመርመር ከንቱ ድካም ነው። የጅጅጋ ሜዳ አቧራ በመሰኪያው ውስጥ ስለሚገባ ቀዳዳውን በደረቅ ለስላሳ ብሩሽ ማጽዳት፣ ኬብሉንም ነቅሎ መልሶ መሰካት፣ ከዚያም በሌላ ደኅና ኬብል መለወጥ ይገባል። ስዊቹ የተሰካበት ዲቫይደር የላላ እንደ ሆነ፣ ወይም መብራት ጠፍቶ በመጣ ጊዜ ስዊቹ ደንዝዞ የቀረ እንደ ሆነ፣ ከኤሌክትሪኩ ነቅሎ ጥቂት ቆይቶ መመለስ ብዙ ጊዜ ይበቃል። ኬብሉ በውጭ በኩል ከአንዱ ክፍል ወደ ሌላው ተዘርግቶ ፀሐይ ሲመታው የኖረ እንደ ሆነ ልባሱ ይሰነጠቃልና አስተውሎ ማየት ያሻል። ርዝመቱም ከ100 ሜትር መብለጥ የለበትም።

ሁለቱ ኮምፒውተሮች ያለ ስዊች በአንድ ኬብል ፊት ለፊት የተያያዙ እንደ ሆነ፣ በጣም ያረጁት ኮምፒውተሮች ክሮስ የሚባለውን፣ በሁለቱ ጫፍ የሽቦው ተራ የተለያየውን ኬብል ይፈልጋሉ። አዲሶቹ በራሳቸው ያስተካክሉታል። በዚህ ምክንያት ደኅና ኬብል «ተበላሽቶአል» ተብሎ የተጣለበት ጊዜ ጥቂት አይደለም።

መንገዱ ደኅና ከሆነ ወደ ቍጥሩ ይታለፋል። እያንዳንዱ ኮምፒውተር አይፒ የሚባል አድራሻ አለው፤ ይኸውም በነጥብ የተከፋፈሉ 4 ቍጥሮች ናቸው፤ ለምሳሌ 192.168.1.5። በኮምፒውተሩ ላይ ጥቍሩን የትእዛዝ መስኮት ከፍቶ አይፒኮንፊግ የሚለውን ቃል በላቲን ፊደል የጻፈ ሰው ቍጥሩን ያገኛል። ይህን በሁለቱም ላይ አድርጎ ሁለቱን ቍጥሮች በወረቀት ላይ ጐን ለጐን መጻፍ ከዚህ ምርመራ ሁሉ ዋነኛው ሥራ ነው። በቤትና በትንንሽ ጽሕፈት ቤት እንደሚለመደው፣ የመጀመሪያዎቹ 3 ቍጥሮች በሁለቱም አንድ፣ የመጨረሻው ብቻ የተለያየ መሆን አለበት። የመጨረሻው ቍጥርም አንድ ሆኖ የተገኘ እንደ ሆነ ሁለት ቤት በአንድ ቍጥር ተጠርቶአልና አንዱ ይለወጥ። ቍጥሩ በ169.254 የሚጀምር ከሆነ ደግሞ ኮምፒውተሩ ቍጥር የሚያድለውን ራውተር ፈልጎ አጥቶ ለራሱ ስም እንዳወጣ ይታወቅ። ራውተር በሌለበት ቤት ግን ይህ በሁለቱም ላይ ቢታይ ጥፋት አይደለም፤ ጥፋት የሚሆነው አንደኛው 169.254፣ ሁለተኛው 192.168 ሆነው የተገኙ እንደ ሆነ ነው።

በእነዚህ ከተሞች ዘወትር የሚያጋጥመውና ብዙ ሰው የማይጠረጥረው ነገር ይህ ነው። አንድ ጽሕፈት ቤት ሁለት ኮምፒውተሮች አሉት እንበል። አንደኛው በኬብል ከግድግዳው ራውተር ጋር ተያይዞ ቍጥሩ 192.168.1.5 ነው። ሁለተኛው ላፕቶፕ ሲሆን ጸሐፊው ኢንተርኔት ቢዘገይበት በኪሱ የሚይዘውን የሲም ካርድ ራውተር ከፍቶ ከእርሱ ጋር አገናኝቶታል፤ ቍጥሩም 192.168.8.3 ሆኖአል። ሁለቱም ኢንተርኔት ያገኛሉ፤ ሁለቱም «ተገናኝቶአል» ይላሉ፤ ነገር ግን በሁለት የተለያዩ አጥሮች ውስጥ ስለ ሆኑ አንዱ ሌላውን ከቶ ሊያየው አይችልም። በስልክ ሆትስፖትና በዶንግልም ያው ነው። እንደዚህ ባለው ጊዜ መድኃኒቱ ጠጋኝ መጥራት ሳይሆን ላፕቶፑን ወደ ግቢው ኬብል መመለስ ነው። በገመድ አልባ መስመር የሚሠሩትም ቢሆኑ፣ ለእንግዳ ተብሎ በተለየው የዋይፋይ ስም የገቡ እንደ ሆነ ራውተሩ እርስ በርሳቸው እንዳይተያዩ ይከለክላቸዋል።

ራውተር በሌለበት ቤት ቍጥሩን በእጅ መስጠት ይሻላል። ለአንደኛው 192.168.10.1፣ ለሁለተኛው 192.168.10.2፣ ለሁለቱም መለኪያው 255.255.255.0 ተብሎ ይጻፍ። ቍጥሩንም በወረቀት ጽፎ በየኮምፒውተሩ ጐን መለጠፍ ለሚቀጥለው ጠጋኝ ትልቅ ርዳታ ነው። ከዚያ በኋላ ከአንደኛው ወደ ሁለተኛው በፒንግ ትእዛዝ ይጠራ፤ መልስ የመጣ እንደ ሆነ መንገዱም ቍጥሩም ደኅና ናቸው። መልስ ባይመጣ ግን ወዲያው ተስፋ መቍረጥ አይገባም፤ ዘበኛው ዝም በል ብሎት ይሆናልና።

ሰዎች ብዙ ጊዜ የሚሠሩት ስሕተት ደግሞ የኮምፒውተሩን ስም በኔትወርክ መስኮት ውስጥ ፈልገው ያጡት እንደ ሆነ የለም ብለው መፍረድ ነው። በዚያ መስኮት የሚታየው የስም ዝርዝር ቀርፋፋና የማያስተማምን ነው። ስለዚህ በስሙ ሳይሆን በቍጥሩ ይጠራ፤ ይኸውም በላይኛው የመጻፊያ ቦታ ላይ ሁለት ወደ ኋላ ያዘነበሉ ሰረዞች አስቀድሞ ቍጥሩን አስከትሎ መጻፍ ነው። በቍጥር ከተከፈተ ነገሩ የስም ጉዳይ ብቻ ነውና ሥራው በዚያው መቀጠል ይችላል። ለስሙ ጉዳይ፣ ሁለቱ ኮምፒውተሮች አንድ ስም እንዳይኖራቸው፣ ስሙም ከ15 ፊደል እንዳይበልጥ፣ የቡድኑም ስም በሁለቱ አንድ እንዲሆን ያስፈልጋል። በኤክስፒ ሆም ላይ የቡድኑ ስም ኤምኤስሆም ተብሎ ይመጣ ነበር፤ በሌሎቹ ወርክግሩፕ ነው፤ ስለዚህ ለዝርዝሩ አለመታየት ይህ አንዱ የታወቀ ምክንያት ነው።

አሁን ወደ ዘበኛው እንምጣ፤ ከሁሉ ይልቅ ጊዜ የሚፈጀውም እርሱ ነው። በኮምፒውተር ደጅ ሁለት ዘበኞች አሉ። የመጀመሪያው ፋየርዎል ሲሆን ከውጭ የሚመጣውን ሁሉ ያግዳል። ዊንዶውስ አንድን ኔትወርክ በመጀመሪያ ሲያይ የሕዝብ ነው ወይስ የግል ብሎ ይጠይቃል። የሕዝብ ነው የተባለ እንደ ሆነ፣ ማለት እንደ ሆቴልና እንደ አውሮፕላን ማረፊያ፣ ፋይል ማጋራትን ይዘጋዋል። ራውተር በተለወጠ ማግስት ፋይል መቀባበል የሚቆመው አብዛኛውን ጊዜ በዚህ ነው፤ ኮምፒውተሩ አዲሱን ራውተር እንግዳ አገር አድርጎ ይቈጥረዋልና። ከኮምፒውተሩ ጋር የተገዛ ወይም ከወዳጅ የተቀዳ ጸረ ቫይረስም የራሱ ፋየርዎል ይኖረዋል፤ የዊንዶውሱን አስተካክሎ የዚህን የረሳ ጠጋኝ ቀኑን ሙሉ ይደክማል። ለመመርመር ሲባል ፋየርዎሉን ለጥቂት ደቂቃ መዝጋት ይቻላል፤ ነገር ግን አስቀድሞ የኢንተርኔቱ ገመድ ይነቀል፤ ምክንያቱ ከተገኘም በኋላ ወዲያው ይከፈትና ለፋይል መጋራት ብቻ ፈቃድ ይሰጠው። ዘግቶት መሄድ ግን መዝጊያው ስላስቸገረ ግድግዳውን እንደ ማፍረስ ነው።

ሁለተኛው ዘበኛ ስምና የይለፍ ቃል የሚጠይቀው ነው። እዚህ ላይ ኮምፒውተሩ የሚጽፈውን ቃል ማንበብ ብዙ ይጠቅማል። «መንገዱ አልተገኘም» ያለ እንደ ሆነ ጥፋቱ በኬብሉ፣ በቍጥሩ ወይም በፋየርዎሉ ነው። «መግባት ተከልክሏል» ያለ እንደ ሆነ ግን ደስ ሊለው ይገባል፤ መንገዱ ተገኝቶ፣ ቤቱ ታውቆ፣ ባለቤቱም መልስ ሰጥቶአልና። የቀረው ፈቃድ ብቻ ነው። ከኤክስፒ ጀምሮ ዊንዶውስ የይለፍ ቃል የሌለውን ስም በወንበሩ ላይ ለተቀመጠ ሰው እንጂ በኔትወርክ ለሚመጣ አይቀበልም። ብዙ ጽሕፈት ቤት ደግሞ ለማሳጠር ሲል የይለፍ ቃል አያደርግም። ስለዚህ ይበልጥ አስተማማኝ የሆነው ዘዴ በሁለቱም ኮምፒውተሮች ላይ አንድ ዓይነት ስምና አንድ ዓይነት የይለፍ ቃል ያለው ተጠቃሚ ማውጣት ነው። አንድ ነገር ይታወስ፤ በኤክስፒ ላይ ቀላል የፋይል ማጋራት የሚባለው አሠራር የተከፈተ እንደ ሆነ፣ የሚመጣው ሁሉ በእንግዳ ስም ስለሚቈጠር የግል ስም ቢሰጡትም አይሰማም።

ፈቃዱም በሁለት ቦታ ይጻፋል፤ አንዱ በማጋሪያው ላይ፣ ሁለተኛው በፎልደሩ በራሱ ላይ ነው። ሁለቱ ያልተስማሙ እንደ ሆነ ጠበቅ ያለው ይጸናል። በአንዱ ቦታ «ይጻፍ»፣ በሌላው «ይነበብ ብቻ» ተብሎ ከተሰጠ ውጤቱ ማንበብ ብቻ ነው። ይህን ያልተረዳ ሰው ተቸግሮ «ለሁሉም ሰው ሙሉ ሥልጣን» ብሎ ይከፍተዋል፤ ከዚያ በኋላ ላፕቶፑን ይዞ የገባ ማናቸውም እንግዳ የወረዳውን የእህል ዘር ዕደላ መዝገብ ሊሠርዝ ይችላል። ሹማምንቱ ሥራው መሳካቱን ብቻ ሳይሆን እንዴት እንደ ተሳካም ቢጠይቁ መልካም ነው።

አራተኛው ቋንቋው ነው። ኮምፒውተሮች ፋይል የሚቀባበሉበት ቋንቋ ኤስኤምቢ ይባላል። ኤክስፒ የሚያውቀው የመጀመሪያውን፣ አሮጌውን ዓይነት ብቻ ነው። ቪስታና ዊንዶውስ 7 ሁለተኛውንም ያውቃሉ። እ.ኤ.አ. ከጥቅምት 2017፣ ማለት ከጥቅምት 2010 ዓ.ም. ወዲህ የወጣው ዊንዶውስ 10 አዲስ ሲጫን አሮጌውን ቋንቋ ተዘግቶ ይመጣል። ስለዚህ ትናንት የሚነጋገሩ ኤክስፒና ዊንዶውስ 10፣ ሁለተኛው ታድሶ እንደ ገና በተጫነ ማግስት አይግባቡም፤ ኬብሉም፣ ቍጥሩም፣ ፈቃዱም ደኅና ሆኖ ሳለ።

ለምን እንደ ተዘጋ ማወቅ ይገባል። ግንቦት 4 ቀን 2009 ዓ.ም. ዋናክራይ የተባለ ክፉ ፕሮግራም በዚሁ በአሮጌው ቋንቋ ጕድለት ገብቶ ከ150 በሚበልጡ አገሮች ኮምፒውተሮችን ቈለፈ፤ በእንግሊዝ አገር ሆስፒታሎች ሳይቀሩ ሥራቸው ተስተጓጐለ፤ መዝገባቸውንም ለመፍታት ገንዘብ ተጠየቀ። ማይክሮሶፍት ለኤክስፒ ጥበቃ መስጠቱን መጋቢት 30 ቀን 2006 ዓ.ም.፣ ለዊንዶውስ 7 ጥር 5 ቀን 2012 ዓ.ም.፣ ለዊንዶውስ 10 የተለመደውን ጥበቃ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሞአል። ስለዚህ አሮጌውን ቋንቋ በዊንዶውስ 10 ላይ መክፈት ቢቻልም፣ ሁለቱም ኮምፒውተሮች ከኢንተርኔት ፈጽሞ የተለዩ ካልሆኑ አይመከርም። የሚሻለው መዝገቡን ከኤክስፒው ወደ አዲሱ አዛውሮ፣ ኤክስፒውን ለደብዳቤ መጻፊያ ማድረግ ነው። ኮምፒውተሩ በቂ ማስታወሻ ካለው ሊኑክስ የተባለውን ነጻ ሥርዓት መጫን ይቻላል፤ ሊኑክስም ሳምባ በተባለው ፕሮግራም አማካይነት አዲሱን ቋንቋ ይናገራል።

ከዚህ ቀጥሎ የሚነሡት ነገሮች ኔትወርክ ሳይሆኑ በኔትወርክ የሚመካኙ ናቸው። አንደኛው ፊደል ነው። በክልሉ ጽሕፈት ቤቶች ሶማልኛው በላቲን ፊደል፣ ከፌዴራል መሥሪያ ቤት የሚመጣው ደብዳቤ በግእዝ ፊደል ይጻፋል። የግእዝ ፊደል በዓለሙ የፊደል ሰንጠረዥ፣ በዩኒኮድ፣ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው፤ ከዚያ በፊትም በኋላም በየፕሮግራሙ ልዩ ልዩ አሠራር የተጻፉ ብዙ መዝገቦች አሉ። እንደዚህ ያለው ፋይል ያ የፊደል ቅርጽ ወደሌለበት ኮምፒውተር የሄደ እንደ ሆነ ትርጕም የሌለው የላቲን ፊደልና ምልክት ሆኖ ይታያል፤ ጸሐፊውም «ኔትወርኩ አበላሸው» ይላል። ፋይሉ አልተበላሸም፤ ቅርጹን መጫን ነው። ኤክስፒ ደግሞ ከራሱ የግእዝ ቅርጽ አልነበረውም፤ ኒያላ የተባለው የመጣው ከቪስታ ጋር ነው፤ ስለዚህ በኤክስፒ ላይ ደኅናው ጽሑፍ እንኳ ባዶ ሳጥን እየሆነ ይታያል።

ሁለተኛው ሰዓት ነው፤ ጕዳቱም ከተገመተው ይበልጣል። በአሮጌ ኮምፒውተር ውስጥ ያለችው ክብ ባትሪ ያለቀች እንደ ሆነ መብራት በጠፋ ቍጥር ቀኑ ወደ ብዙ ዓመት በፊት ይመለሳል። አንዳንድ ጸሐፊም የኮምፒውተሩን ሰዓት በአገራችን አቈጣጠር ያደርገዋል፤ ከጠዋቱ 3 ሰዓትን 3 ብሎ ይሞላል፤ ሌላው ኮምፒውተር ግን 9 ይላል። ሁለት የተለያዩ ቅጂዎች ሲገናኙ ኮምፒውተሩ «ይህኛው አዲስ ነው፣ ልተካው?» ብሎ ይጠይቃል፤ የሚፈርደውም በሰዓቱ ነው። ሰዓቱ የተሳሳተ እንደ ሆነ አሮጌው መዝገብ አዲሱን ይውጠዋል፤ የአንድ ሳምንት የክትባት ቍጥርም ያለ ድምፅ ይጠፋል። ስለዚህ ሁለት ቅጂ የተፈጠረበት ጽሕፈት ቤት፣ ሁለቱንም በተለያየ ስም ሳያስቀምጥ፣ ሰዓቱንም ሳያይ፣ «ተካ» የሚለውን ቃል አይጫን። የባትሪዋም ዋጋ እጅግ ትንሽ ነው።

ሦስተኛው መቈለፍ ነው። ሁለት ሰዎች አንድ የኤክሴል መዝገብ በአንድ ጊዜ የከፈቱ እንደ ሆነ ሁለተኛው እንዲያነብ ብቻ ይፈቀድለታል፤ ይህ ጥበቃ እንጂ ብልሽት አይደለም። ነገር ግን አንደኛው ከፍቶት ሳለ መብራት በድንገት የጠፋ እንደ ሆነ፣ ስሙ በሞገደኛ ሰረዝና በዶላር ምልክት የሚጀምር ትንሽ የተሰወረ ፋይል በዚያው ፎልደር ውስጥ ይቀራል፤ መዝገቡም ማንም ሳይከፍተው «በሌላ ሰው ተይዟል» ይላል። ማንም እንዳልከፈተው ተረጋግጦ ያ ትንሹ ፋይል ቢሠረዝ ነገሩ ይፈታል። ዋናውን መዝገብ ደግሞ ከእርሱ ጋር እንዳይሠርዙት ይጠንቀቁ።

አራተኛው እንቅልፍ ነው። መዝገቡን የያዘው ኮምፒውተር ሰው ሳይነካው ጥቂት ደቂቃ የቆየ እንደ ሆነ እንዲተኛ ተደርጎ ከሆነ፣ ጠዋት የሚሠራው ከምሳ በኋላ አይሠራም፤ ባለጉዳዩ ከቶጎ ውጫሌ የመጣ የከብት ነጋዴ ቢሆንም በደጅ ይጠብቃል። መዝገብ ለያዘው ኮምፒውተር እንቅልፉ ይዘጋለት፤ ዩፒኤስም ከተገኘ ለእርሱና ለስዊቹ በቅድሚያ ይሰጥ።

ይህን ሁሉ ሲመረምሩ መዝገቡን የያዘው ኮምፒውተር ከውስጡ የመንኳኳት ድምፅ የተሰማ እንደ ሆነ፣ ወይም አንድ ፋይል ለመክፈት ብዙ ደቂቃ የፈጀ እንደ ሆነ፣ የኬብልና የፈቃድ ምርመራው ወዲያው ይቁም። ሃርድ ዲስኩ ሊሞት ነው። በዚያን ጊዜ ኮምፒውተሩን አጥፍቶ ማብራት አይገባም፤ ሌላ ፕሮግራምም አይጫንበት፤ ከሁሉ አስቀድሞ የክትባቱ፣ የዘሩና የርዳታው መዝገብ ቫይረስ በሌለበት ፍላሽ ላይ ይቀዳ፤ ፍላሹም በጸሐፊው ኪስ ሳይሆን በጽሕፈት ቤቱ ሣጥን ተቈልፎበት ይቀመጥ፤ ቀኑም በላዩ ይጻፍበት።